አውራ ፓርቲ ሲፈራረቅ፦ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ



በዚህ መጽሔታችን ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር አመላለስ፣ ስለ ሴት ልጆቻችን ትምህርትና ስለ እናቶች ጤና ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ግን ስለ ፓርቲዎች ታሪክ እናነሣለን። «የሴቶች መረዳጃ ማኅበር ከፓርቲ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በታሪኩ ውስጥ አለ። ታሪኩን ስንመረምር ከሁሉ በላይ የሳበን፣ አንድ የበላይ የነበረ ፓርቲ ወድቆ ሌላው ሲነሣ በሥሩ የነበሩ የሴቶች ማኅበራት ምን ሆኑ የሚለው ነገር ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በባቡር ሐዲዱና በጅቡቲ መንገድ ላይ የምትገኝ የአፋር ክልል መግቢያ ናት። ሰመራ በዚያው መንገድ ወደ ጅቡቲ ሲወረድ የምትገኝ የክልሉ ዋና ከተማ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው የአዋሽ ሸለቆ በአንድ አዛውንት ዕድሜ ውስጥ አምስት ዓይነት የበላይነት አይቷል፦ የሱልጣኑንና የንጉሡን ዘመን፣ የኢሠፓን ዘመን፣ የአፋር ነፃ አውጪ ግንባርን አጭር ዘመን፣ የአብዴፓን ሁለት አስርት ዓመታት፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የብልጽግናን። ከእነዚህ አንዱም ቢሆን በምርጫ ተሸንፎ ለሌላው አላስረከበም። ይህን መነሻ ይዘን እንቀጥል።

«አውራ ፓርቲ» ሲባል

«አውራ» የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አውራ ዶሮ፣ አውራ ጣት፣ አውራ ጎዳና እንላለን። «አውራ ፓርቲ» የሚለው አነጋገር በሀገራችን የተለመደው በኢሕአዴግ ዘመን ነው። ብዙ ፓርቲዎች እያሉ አንዱ በተከታታይ እያሸነፈ ለረጅም ዓመታት ሲገዛ ማለት ነው። በዚያ ዘመን የግንባሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የጃፓንን ምሳሌ ይጠቅሱ ነበር።

አንድ ፓርቲ ለረጅም ጊዜ ማሸነፉ ብቻውን ዴሞክራሲ የለም አያሰኝም። ዋናው መለኪያ ፓርቲው ሊሸነፍ ይችላል ወይ፣ ሲሸነፍስ በሰላም ይወርዳል ወይ የሚለው ነው። የጃፓኑ ሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1955 ተመሥርቶ ወዲያው ሥልጣን ያዘ፤ በ1993 ግን ከውስጡ ተሰንጥቆ መንግሥቱን ለሌሎች ለቀቀ። የሕንድ ኮንግረስ ከነፃነት ጀምሮ ለ30 ዓመት ገዝቶ በ1977 ተሸነፈ። የሜክሲኮው አውራ ፓርቲ ለ71 ዓመት ከገዛ በኋላ በ2000 ለተቃዋሚ አስረከበ። በጎረቤታችን ኬንያ ካኑ ከ1963 ጀምሮ ለ39 ዓመት ገዝቶ በ2002 ተሸንፏል። በቅርቡ ደግሞ፣ በ2024፣ በቦትስዋና ከነፃነት ጀምሮ 58 ዓመት የገዛው ፓርቲ ወድቋል። በዚያው ዓመት የደቡብ አፍሪካው ኤኤንሲ ከ30 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግማሽ በታች ድምፅ አግኝቶ ከሌሎች ጋር መንግሥት ለመመሥረት ተገድዷል።

እነዚህን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የሚመሳሰሉ ነገሮች እናገኛለን። አንደኛ፣ አውራው ፓርቲ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ከውስጥ ነው። በኬንያ ፕሬዚዳንት ሞይ ተተኪያቸውን ራሳቸው ሲመርጡ ያኮረፉ የፓርቲው ትልልቅ ሰዎች ወጥተው ከተቃዋሚው ከምዋይ ኪባኪ ጋር ቆሙ። ሁለተኛ፣ ተበታትነው የነበሩ ተቃዋሚዎች ይተባበራሉ። ሦስተኛ፣ ድምፁን የሚቆጥረው አካል ከገዥው እጅ ይወጣል። በሜክሲኮ የምርጫው ተቋም በ1990ዎቹ ራሱን ችሎ ካልቆመ የ2000 ለውጥ አይታሰብም ነበር። አራተኛ፣ የድሮውን ትግል የማያውቅ፣ ሥራና ኑሮ የሚጠይቅ ወጣት መራጭ ይበዛል።

በእኛ ሸለቆ ከአራቱ አንዳንዶቹ ታይተዋል። አራቱም አንድ ላይ የተገናኙበት ጊዜ ግን የለም።

ፓርቲ ያልነበረበት ዘመን

በኢትዮጵያ ሕዝብ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በቀጥታ የመረጠው በጥቅምት 1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ በወጣው ሕገ መንግሥት መሠረት ነው። ምርጫው በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ተካሄደ። ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ያገኙት በዚሁ ሕግ ሲሆን ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የመጀመሪያዋ የምክር ቤት ሴት አባል ሆኑ። ነገር ግን ፓርቲ ማቋቋም አይፈቀድም ነበር። ዕጩዎች በግላቸው ይወዳደራሉ፤ ለመወዳደርም ንብረት ያስፈልጋቸዋል። እንግዲህ የበላይነት የሚወሰነው በንጉሡ፣ በባላባቱና በመሬት ነበር።

በአዋሽ ታችኛው ተፋሰስ የበላይነቱ የአውሳው ሱልጣን የአሊሚራህ ሐንፈሬ ነበር፤ መቀመጫቸውም አይሳኢታ ነበረች። መንግሥት በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣንን አቋቁሞ በወንዙ ዳር ሰፋፊ እርሻዎችን አስጀመረ። በተንዳሆ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ጥጥ አለማ፤ ሱልጣኑና ሌሎች የአፋር ባለ መሬቶችም የጥጥ እርሻ ያዙ። ብዙው አርብቶ አደር ግን ግመሉንና ከብቱን በበጋ የሚያወርድበት የወንዝ ዳር ሣር እየጠበበ ሄደ። በመካከለኛው ተፋሰስ፣ በአሚባራና በመልካ ወረር አካባቢም የሆነው ይኸው ነው።

የአፋር መሬት በዚያ ዘመን በወሎ፣ በትግራይ፣ በሐረርጌ፣ በሸዋና በኤርትራ ጠቅላይ ግዛቶች ተከፋፍሎ ስለነበር አዋሽና አይሳኢታ አንድ አስተዳደር አልነበራቸውም። የአካባቢው ሰው ዜና የሚለዋወጠው በዳጉ፣ ጠቡን የሚፈታው በመብሎ ነበር። ሴቶች በዳጉ ይሳተፋሉ፤ በመብሎው ክብ ውስጥ ተቀምጦ የሚፈርደው ግን ወንድ ነበር።

ኢሠፓና የሴቶች ማኅበሩ

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ የሱልጣኑ የኃይል ምንጭ ተነካ። ድርድሩ ሳይሳካ ቀረ፤ በዚያው ዓመት ውጊያ ተነሣና ሱልጣኑ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሰደዱ። የአፋር ነፃ አውጪ ግንባር የተመሠረተው በዚህ ጊዜ ነው። አንዳንድ የተማሩ የአፋር ወጣቶች በበኩላቸው ራስ ገዝነት ይገኛል ብለው ከደርግ ጋር ሠሩ። አፋር በፖለቲካ ለሁለት የተከፈለው ያኔ ነው።

በመስከረም 1977 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ፣ ኢሠፓ፣ ተመሠረተ። ሌላ ፓርቲ የማይፈቀድበት አንድ ብቸኛ ፓርቲ ነበር። በሰኔ 1979 ዓ.ም. 835 መቀመጫ ያለው ብሔራዊ ሸንጎ ተመረጠ። ለአንድ ወንበር ከአንድ በላይ ዕጩ ሊቀርብ ይችል ነበር፤ ይሁን እንጂ ዕጩዎቹን የሚያቀርቡት ፓርቲው ራሱ፣ ሠራዊቱና የፓርቲው «የብዙኃን ድርጅቶች» ነበሩ። በ1980 ዓ.ም. ከታወጁት ራስ ገዞች አንዱ የአፋርን መሬት ከፊል የያዘው የአሰብ ራስ ገዝ ነበር።

ከብዙኃን ድርጅቶቹ አንዱ በ1972 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር፣ አኢሴማ፣ ነበር። ከመካከላችን የዚያን ዘመን ስብሰባ የሚያስታውሱ እናቶች አሉ። ማኅበሩ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሴቶችን አሰልፏል፤ መዋለ ሕፃናትና የእጅ ሥራ ጣቢያዎችን ከፍቷል። ይህ ሊካድ አይገባም። ሆኖም አጀንዳው ከላይ ይመጣል፤ አመራሩ የፓርቲው ነው፤ መዋጮው ከቀበሌ ግዴታ አይለይም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ አኢሴማም አብሮ ፈረሰ። በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ለዓመታት ያዋጡበት ድርጅት በአንድ ሰሞን ጠፋ። ድርጅቱን «የኛ ነው» ብሎ የሚቆምለት አባል አልነበረም፤ መጀመሪያውኑ የአባላቱ አልነበረምና።

ከግንባሩ ወደ አብዴፓ

ኢሕአዴግ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በሐምሌው ጉባኤ የአፋር ነፃ አውጪ ግንባር ተሳተፈ፤ ሱልጣን አሊሚራህም ከስደት ተመለሱ። በ1984 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የአፋር መሬት ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ክልል ተሰበሰበ፤ ያኔ ክልል ሁለት ይባል ነበር። በሽግግሩ ዘመን ክልሉን የመሩት ከግንባሩ ጋር የተያያዙ ሰዎች ሲሆኑ የሱልጣኑ ልጆች በፕሬዚዳንትነት አገልግለዋል።

ይህ የበላይነት ብዙ አልቆየም። የወደቀበት መንገድ ለዛሬም ትምህርት ስለሆነ በዝርዝር እናየዋለን። ግንባሩ በስደት ዘመን የተከበረ ስም ነበረው፤ ሥልጣን ሲይዝ ግን በአመራሩ መካከል መከፋፈል ተነሣ። በሌላ በኩል ኢሕአዴግ የሚደግፈው የአፋር ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት እየጠነከረ መጣ። ማዕከሉ በጀቱን፣ ሥልጠናውንና የጸጥታውን ኃይል ይዟል። በ1987ቱ ምርጫ የአፋር መቀመጫዎች ገና በአንድ ፓርቲ እጅ ብቻ አልነበሩም። ከዚያ በኋላ ግን ሚዛኑ አጋደለ። እስማኤል አሊሴሮ የክልሉ ፕሬዚዳንት ሆነው ለሁለት አስርት ዓመታት ገደማ ቆዩ። በ1991 ዓ.ም. ገደማ የአፋር ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅትና ሌሎች የአፋር ድርጅቶች ተዋሕደው የአፋር ብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲን፣ አብዴፓን፣ መሠረቱ።

ከዚያ ወዲህ ውጤቱ ሳይለወጥ ቀጠለ። በተወካዮች ምክር ቤት ከ547 መቀመጫዎች አፋር 8 አለው። በ1992፣ በ1997፣ በ2002 እና በ2007 ዓ.ም. ስምንቱንም አብዴፓ ወሰደ። የምርጫ ሕጋችን በአንድ የምርጫ ክልል ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ብቻ የሚያልፍበት ስለሆነ ለሌሎች የተሰጠ ድምፅ ወንበር አያስገኝም። በዚህ ላይ የጎሳ መሪዎች ስምምነት ሲጨመርበት፣ ምርጫው ከመድረሱ በፊት አሸናፊው ይታወቅ ነበር።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የክልሉ መቀመጫ ከአይሳኢታ ወደ ሰመራ ተዛወረ። ሰመራ ማለት በጅቡቲ መንገድ ዳር፣ በድንጋያማ ሜዳ ላይ አዲስ የተሠራች ከተማ ናት። ከሱልጣኑ ከተማ ወደ ቢሮዎች ከተማ የተደረገው ጉዞ የበላይነቱ ከባህላዊው ቤት ወደ ፓርቲው ቢሮ መሸጋገሩን በግልጽ ያሳያል።

አብዴፓ በክልሉ አውራ ቢሆንም በሀገሪቱ «አጋር» ነበር። ኢሕአዴግ አራት አባል ድርጅቶች ብቻ ነበሩት። ሊቀመንበሩን፣ ማለትም ጠቅላይ ሚኒስትር የሚሆነውን ሰው የሚሰይሙት የእነዚህ የአራቱ ሰዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው 9 ሰው የሚልኩበት 36 አባላት ያሉት ሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴም ነበራቸው። አፋር፣ ሶማሌ፣ ጋምቤላ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝና ሐረሪ በዚያ ወንበር አልነበራቸውም። በክልሉ የማይሸነፍ ፓርቲ በማዕከሉ ድምፅ አልነበረውም ማለት ነው።

የ1997 ድንጋጤና የማኅበራት ሕግ

በ1997ቱ ምርጫ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 መቀመጫ ሲያገኙ ኢሕአዴግ 327 አገኘ። በአዲስ አበባ ምክር ቤት ቅንጅት ከ138 ወንበር 137ቱን ወሰደ። በአፋር ስምንቱም የአብዴፓ ነበር፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን «ጉዳዩ የአዲስ አበባ ነው» ብለን አለፍነው። ውጤቱ ግን እኛም ዘንድ ደረሰ።

ገዥው ግንባር ከዚያ በኋላ ሊፎካከረው የሚችለውን ሁሉ ማጥበብ ጀመረ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ የሚያገኝ ማኅበር በሴቶች መብት፣ በሰብዓዊ መብትና በመሳሰሉት ጉዳዮች እንዳይሠራ ከለከለ። በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተውና በጥቃት ለተጎዱ ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሥራውን በእጅጉ ለመቀነስ ተገደደ። ደጋፊዎቻችን ይህን ዘመን በደንብ ያስታውሱታል፤ ለወፍጮና ለፍየል እርባታ ገንዘብ መስጠት ይቻል ነበር፤ ያለዕድሜ ጋብቻን ስለ መቃወም ለማስተማር ግን አስቸጋሪ ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን አገኙ። በ2007 ደግሞ ለተቃዋሚ የቀረ ወንበር አልነበረም። በቁጥር ሲታይ አውራነቱ ከዚህ በላይ ሊጨምር አይችልም። ይሁን እንጂ ወራት ሳይቆጠሩ በኦሮሚያ፣ በኋላም በአማራ ክልል ሕዝባዊ ተቃውሞ ተነሣ። በምክር ቤቱ ውስጥ መናገሪያ ያጣ ቅሬታ መንገድ ላይ ወጣ።

አጋር የነበረው ሲዋሐድ

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የአፋር ወጣቶችም የለውጥ ጥያቄ አነሡ፤ በታኅሣሥ 2011 አወል አርባ የክልሉ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ፓርቲው ያው አብዴፓ ነበር፤ የተለወጠው አመራሩ ነው። በኅዳር 2012 ኢሕአዴግ ፈርሶ ብልጽግና ፓርቲ ተመሠረተ፤ አብዴፓም ከሌሎቹ አጋሮች ጋር ተዋሐደ። አፋር ከ«አጋርነት» ወጥቶ ሙሉ አባል ሆነ። ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በጥቅምት 2011፣ የአፋር ልጅ ወይዘሮ አይሻ መሐመድ በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ በአዋሽና በሰመራ ያሉ ልጃገረዶች ምን እንደተሰማቸው እናውቃለን።

የመሰንጠቁ ሌላ ገጽታም ነበረው። ሕወሓት ውሕደቱን አልተቀበለም። በሌሎች ሀገሮች አውራ ፓርቲ ሲሰነጠቅ ክርክሩን የሚዳኘው የድምፅ ሳጥን ነው። በእኛ ሀገር ወደ ጦርነት አመራ። ጦርነቱ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. አፋር ድረስ ዘልቆ ብዙ ወገኖቻችንን አፈናቅሏል፤ የጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት አውድሟል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። ሥልጣን በምርጫ የሚለወጥበት መንገድ አለመጽናቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ የሚነግረን የለም።

ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲካሄድ ብልጽግና ከተወዳደሩት 436 መቀመጫዎች 410ሩን አገኘ። የንብ ምልክት ቀርቶ የአምፖል ምልክት መጣ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶቻችን ምልክት ማለት ፓርቲው ራሱ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአፋር ሕዝብ ፓርቲን የመሰሉ ተወዳዳሪዎች ቢኖሩም በክልሉ የበላይነቱ ቀጠለ።

ለሴቶች የተገኘውና ያልተገኘው

አውራ ፓርቲ ለሴቶች ምንም አላደረገም ማለት ከእውነት መራቅ ነው። በተወካዮች ምክር ቤት የሴቶች ድርሻ በ1992 ምርጫ ከ8 በመቶ በታች ነበር። በ1997 ከአምስቱ አንድ ያህል ደረሰ፤ በ2002 ከሩብ በላይ ሆነ፤ በ2007 ከ38 በመቶ በላይ፣ በ2013 ደግሞ ከ40 በመቶ በላይ ሆነ። ከብዙ ሀብታም ሀገሮች የሚበልጥ ቁጥር ነው።

ቁጥሩን ከፍ ያደረገው ግን የፓርቲው የውስጥ ውሳኔ ነው። ፓርቲው ዕጩ ካደረጋት ሴቲቱ ታልፋለች፤ ካላደረጋት ቤቷ ትቀራለች። ወንበሯን የሚያስጠብቅላት መራጩ ሳይሆን ያቀረባት ኮሚቴ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንዲሉ፣ በሌላ ፈቃድ የተገኘ ወንበር በዚያው ፈቃድ ሊወሰድ ይችላል። እህቶቻችን ያገኙትን አናንቋሽሽም፤ የምንለው ከሥሩ ራሱን የቻለ የሴቶች መደራጀት ያስፈልገዋል ነው።

ለማኅበራችን የሚሆነው ትምህርት

እስካሁን ያየነውን እናጠቃልል። በሸለቋችን የበላይነት የተለወጠው በስደት፣ በጦርነት፣ በማዕከሉ ድጋፍ፣ በመዋሐድና በአመራር ሹም ሽር ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሣው ነፋስ በየጊዜው ሰመራን ለውጧል፤ ከሰመራና ከአዋሽ የድምፅ ሳጥን ተነሥቶ ገዥውን የለወጠ ነፋስ ግን ገና አልታየም። ለወደፊት ሊታይ ይችላል። ኬንያ 39 ዓመት፣ ቦትስዋና 58 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። እስከዚያው ድረስ ማኅበራት በሁለት መንገድ ተጎድተዋል፦ ከፓርቲው ጋር የተጣበቁት አብረው ወድቀዋል፤ ራሳቸውን የቻሉት ደግሞ ፓርቲው ሲደነግጥ በሕግ ተጨቁነዋል። ሁለተኛውን ችግር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 በብዙ መልኩ አቃልሎታል፤ የ10 በመቶው ገደብ ተነሥቷል። የመጀመሪያውን መከላከል ግን በእጃችን ያለ ነገር ነው።

ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ የቀረበው ለዚህ ነው። በአዋሽና በሰመራ ቅርንጫፎች ሁለት አሳብ እንዳለ እናውቃለን። አንዳንድ እህቶች «ከገዥው ፓርቲ ጋር ካልተጠጋን የመሥሪያ ቦታም ብድርም አናገኝም፤ የፓርቲ ኃላፊ የሆነች ሊቀመንበር በር ታስከፍትልናለች» ይላሉ። ይህ ሞኝነት አይደለም። መሬትና ፈቃድ የሚገኘው ከመንግሥት ቢሮ ስለሆነ ችግሩ እውነተኛ ነው። የመረዳጃ ሣጥናችን ዛሬ በአንድ ደብዳቤ ሊጠቀም ይችላል። ነገር ግን በሩን የከፈተው ሰው በሚሄድበት ቀን በሩ እንዴት ይሆናል? የአኢሴማ መዝገቦች፣ ወንበሮችና መዋጮ የት ደረሱ?

የቀረበው ማሻሻያ አራት ነጥብ አለው። እያንዳንዷ አባል በግሏ የፈለገችውን ፓርቲ መደገፍ፣ አባል መሆንና መወዳደር ትችላለች፤ ይህ በሕገ መንግሥቱ የተሰጣት መብት ነው። የሥራ አመራር አባል ግን በማንኛውም ፓርቲ ውስጥ ኃላፊነት ከያዘች የማኅበሩን ወንበር ትለቃለች። የማኅበሩ አዳራሽ፣ ገንዘብና ስም ለምርጫ ቅስቀሳ አይውልም። ዕጩዎችን ስለ ውኃ፣ ስለ ጤናና ስለ ገበያ ለመጠየቅ ከፈለግን ሁሉንም እንጠራለን፤ አንዱን ብቻ አንጠራም። የአመራር ዘመንም ሁለት ጊዜ ብቻ ይሁን የሚለው አሳብ ከዚሁ ጋር ይታያል። ስለ አገር አውራነት እየተናገርን በራሳችን ቤት አንዲት ሊቀመንበር ለ20 ዓመት ብትቀመጥ ንግግራችን ትዝብት ላይ ይጥለናል።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። ድጋፋችሁ የማንም ፓርቲ ቀለም የሌለው እንዲሆን፣ ሒሳባችንንም በየዓመቱ እንድትመረምሩ እንፈልጋለን። ማኅበሩን የሚጠብቀው የባለሥልጣን ትውውቅ ሳይሆን ንጹሕ መዝገብ ነው።

ከማኅበር ወንበር መራቅ ግን ከምርጫ መራቅ አይደለም። በሕጉ 18 ዓመት የሞላትና በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር የኖረች ሁሉ መመዝገብ ትችላለች። በመንገድ ዳር ሻይ የምታፈላውም፣ ከፍየሎቿ ጋር ወደ ወንዙ የምትወርደውም የራሷን ካርድ በራሷ እጅ ትያዝ። ባልዋ ወይም የጎሳው ሽማግሌ አይያዝላት። የአፋር ባህላችን ለዚህ የሚሆን ጥሩ ልማድ አለው። በዳጉ ላይ ዜና ሲነገር ዝም ተብሎ አይታመንም፤ ማን አየ፣ መቼ፣ የት፣ አንተስ ከማን ሰማህ ተብሎ ይጠየቃል። ቅስቀሳ የሚያደርግ ሰው አዋሽም ሆነ ሰመራ ሲመጣ፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ እንዲሁ እንጠይቀው፦ ባለፈው ጊዜ ቃል የገባኸው ውኃ የት ደረሰ? ማን አየው?

ማሻሻያው በሁለቱም ቅርንጫፎች በአፋርኛና በአማርኛ ይነበባል። አንብቡት፣ ያልገባችሁን ጠይቁ፣ የማትስማሙም ተነሥታችሁ ተናገሩ። ድምፁ በምስጢር ይሰጣል፤ ቆጣሪዎቹም ከአመራሩ ውጭ ካሉ አባላት ይመረጣሉ።